‹‹ስትሮል›› ‹‹ስትሮጥ›› አይደለም፦ አንድን የእንግሊዝኛ ቃል በከዚራ ጎዳና ላይ የመማሪያ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በድሬዳዋና በሐረር እንግሊዝኛ ለሚማሩ፣ እንግዳ ለሚያስጎበኙና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለሚተረጉሙ ሰዎች ነው። የሚመለከተውም አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ‹‹ስትሮል›› ነው። መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው ‹‹መንሸራሸር›› ወይም ‹‹ቀስ ብሎ መሄድ›› የሚል ፍቺ ያገኛል። የመጀመሪያው ፍቺ ደህና ነው፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው አሳስቷል፤ እኔንም ጭምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ከመጣ እንግዳ ጋር፣ ከዚራ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ካረፈበት ቤት ተነሥተን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ለቀጠሮ መሄድ ነበረብን። መንገዱ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ‹‹ባጃጅ አያስፈልገንም፣ በእግራችን እንሂድ›› ለማለት ፈልጌ ‹‹ሌትስ ስትሮል›› አልሁት። እንግዳው ቃሉን እንዳለ ተቀበለኝ። ከመንገዱ ዳር ዛፎች ሥር እየቆመ ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን ተመለከተ፤ ጀበና ጥዳ ከሰሉን የምታራግብ ሴት ሲያይ ፈገግ ብሎ ሰላምታ ሰጣት፤ የአንድ አሮጌ ቤት መስኮት ፎቶ አነሣ፤ ከዚያም ተመልሶ በሌላ በኩል አነሣው። እኔ ሁለት ሁለት እርምጃ እየቀደምሁ፣ ሰዓቴን እያየሁ፣ ‹‹ይህ ሰው ቀጠሮ እንዳለን ረስቷልን?›› እያልሁ በውስጤ አማርር ነበር። በ20 ደቂቃ ዘግይተን ደረስን። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ እኔ ሽርሽር ጋብዤው እርሱ ግብዣውን ተቀበለ። ማለት የነበረብኝ ‹‹ሌትስ ዎክ›› ብቻ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ቃሉን ከፍጥነት መለየት ነው። ‹‹ስትሮል›› የሚያደርግ ሰው በእርግጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሁሉ ግን ‹‹ስትሮል›› አያደርግም። ለቀብር አስከሬን ተከትሎ የሚሄደውን ሕዝብ ያስቡ፤ ከእርሱ በላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ የለም፤ ሆኖም ይህን ቃል ለለቀስተኛ የተጠቀመ ሰው ያስቀይማል። ምርኩዝ ይዘው ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤታቸው የሚያዘግሙ አዛውንት፣ የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች፣ ጉልበቱን ታሞ የሚያነክስ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ቀስ ይላሉ፤ አንዳቸውም ‹‹ስትሮል›› ላይ አይደሉም። ቃሉ የሚናገረው ስለ ሰውየው ልብ ነው፤ አልቸኮለም፣ አልተጨነቀም፣ መንገዱም አልከበደውም፣ በመሄዱ ደስ ይለዋል። አንድን ሰው መንገድ ላይ አይተው ይህ ቃል ይገባው እንደሆነ ለመወሰን ከፈለጉ፣ ‹‹አሁን አንድ ወዳጁ ቢጠራውና ና ቡና እንጠጣ ቢለው ይቆማልን?›› ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ሳያቅማማ የሚቆም ከመሰለዎ ቃሉን ያለ ስጋት ይጠቀሙበት።

ቀጥሎ የራሳችንን ‹‹ወክ›› ከመንገድ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ለአማርኛ ተናጋሪ ዋናው መሰናክል እርሱ ነው። ‹‹ዎክ›› የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወስደን ‹‹ወክ›› ስናደርገው ትርጉሙን አጥብበነዋል። በእኛ አነጋገር ‹‹ወክ እናድርግ›› ማለት ለመዝናናት ወጣ ብለን እንምጣ ማለት ነው፤ ማንም ሰው ‹‹ወደ ሥራ ወክ አደረግሁ›› አይልም። በእንግሊዝኛ ግን ‹‹ዎክ›› በእግር መሄድ ብቻ ነው፤ ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም የሚማረው፣ ወታደርም ሐኪምም የሚያደርገው፣ ደስታም ሐዘንም የሌለበት ቃል ነው። ስለዚህ የእኛ ‹‹ወክ›› በትርጉሙ ለእንግሊዝኛው ‹‹ዎክ›› ሳይሆን ለ‹‹ስትሮል›› ይቀርባል። አንድ ተማሪዬ ‹‹ሺ ዎክድ ቱ ዘ ሆስፒታል›› የሚለውን ዓረፍተ ነገር ‹‹ወደ ሆስፒታል ወክ አደረገች›› ብሎ ተርጉሞ አምጥቶ ነበር። ክፍሉ ሳቀ፤ ነገር ግን ልጁ የሠራው ስሕተት ሁላችንም በየቀኑ በተገላቢጦሽ የምንሠራው ነው፤ ‹‹ስትሮል›› ማለት ሲገባን ‹‹ዎክ›› እንላለን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪውም ስለ መዝናናት እየነገርነው መሆኑን አይረዳም።

አሁን ወደ አነባበቡ እንለፍ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ፣ ቲ፣ አር፣ ኦ፣ ኤል፣ ኤል ተብሎ ይጻፋል፤ መጨረሻው ላይ ያለው ድርብ ኤል ‹‹ስትሮልድ›› እና ‹‹ስትሮሊንግ›› ሲባልም እንዳለ ይቆያል። በአፍ ሲነገር አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ሦስቱ የመጀመሪያ ድምፆች በመካከላቸው አናባቢ ሳይገባ ተያይዘው ይወጣሉ። የእኛ አፍ ግን ሦስት ተነባቢ ተደራርቦ ሲመጣበት ‹‹ሲትሮል›› ወይም ‹‹እስትሮል›› ወደ ማለት ያደላል። ፈውሱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ‹‹ሮል›› ይበሉ፣ ከዚያ ‹‹ትሮል››፣ በመጨረሻ የፉጨት ያህል ‹‹ስ›› አስቀድመው ሦስቱን ያገናኙ። ኦው ወደሚል ድምፅ የሚያዘነብለውን አናባቢም ጥቂት ያስረዝሙት። ያለፈ ጊዜውን ሲናገሩ ‹‹ስትሮልድ›› ይበሉ እንጂ ‹‹ስትሮለድ›› አይበሉ።

እዚህ ላይ ከሁለት ቃላት ይጠንቀቁ። አንደኛው በአማርኛ ንግግራችን የተለመደው ‹‹ስትሮክ›› የተባለው በሽታ ነው፤ ‹‹ላስት ናይት አይ ሃድ ኤ ስትሮል›› ለማለት ፈልጎ መጨረሻውን የሳተ ሰው አድማጩን አስደንግጦ ሐኪም ሊያስጠራ ይችላል። ሁለተኛው ጨዋታ ነው፤ ‹‹ስትሮጥ›› የሚለው የራሳችን ቃል ከ‹‹ስትሮል›› ጋር በአንድ ድምፅ ብቻ ይለያያል፣ ትርጉማቸው ግን ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ተማሪዎቼ ቃሉን እንዳይረሱት ‹‹ስትሮጥ ያመለጠህን ስትሮል ታየዋለህ›› እያልሁ አስተምራቸዋለሁ። የአማርኛ ሰዋስው አዋቂ በዚህ ዓረፍተ ነገር ቅር ሊሰኝ ይችላል፤ ተማሪዎቹ ግን አልረሱትም።

ቃሉ ግስም ስምም ሆኖ ያገለግላል። ስም ሲሆን ከየትኛው ግስ ጋር እንደሚሄድ ማወቅ ግድ ይላል፤ ‹‹ጎ ፎር ኤ ስትሮል››፣ ‹‹ቴክ ኤ ስትሮል›› እና ‹‹ሃቭ ኤ ስትሮል›› ይባላል። ‹‹ወክ ማድረግ›› ከሚለው ልማዳችን ተነሥቶ ‹‹ዱ ኤ ስትሮል›› ወይም ‹‹ሜክ ኤ ስትሮል›› ማለት ግን ለጆሮ ይጎረብጣል። በቅጽልም እንዲሁ ነው፤ ‹‹ኢቭኒንግ››፣ ‹‹ሾርት››፣ ‹‹ሌዠርሊ›› እና ‹‹ጄንትል›› ከቃሉ ጋር ይስማማሉ፣ ‹‹ፋስት ስትሮል›› ግን እርስ በርሱ ይጣላል። ለጤናቸው ፈጠን ብለው የሚራመዱ ሰዎችን ለመግለጽ ‹‹ብሪስክ ዎክ›› የሚል ሌላ አባባል አለ።

መስተዋድዱን ለመማር ከቤት መውጣት ይሻላል። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ለዚህ ትምህርት አትመችም፤ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ 11 ሰዓት ከሩብ ግድም፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ይነሡ። ከተማዋ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናትና መነሻው ለቦታውም ለትምህርቱም ይገባል። ከዚያ በዛፍ ጥላ የተሸፈነውን የከዚራ ቀጥ ያለ መንገድ ይዘው ይሂዱ። ይህን ጊዜ የሚያስፈልግዎ ‹‹አሎንግ›› ነው፤ እንደ መንገድ፣ እንደ ወንዝ ዳር፣ እንደ አጥር ያለ ረዥም ነገርን ተከትሎ ለመሄድ ይህ ቃል ይገባል፤ ‹‹ዊ ስትሮልድ አሎንግ ዘ ስትሪት›› ይላሉ። ‹‹ዳውን ዘ ስትሪት›› ቢሉም ያስኬዳል፤ ይህ ‹‹ዳውን›› ግን ቁልቁለትን አያመለክትም፤ ከዚራ ሜዳ ነው፣ ቃሉም ሜዳ ላይ ይሠራል። ተማሪዎች ‹‹ወደ ታች ተንሸራሸርን›› ብለው ሲተረጉሙ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

መንገዱን ይቀጥሉና ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ድልድይ ይድረሱ። በበጋ ከታች የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው፤ ውኃው የሚመጣው በዝናብ ጊዜ ነው፣ ሲመጣም በድንገት ነው። ድልድዩን ሲሻገሩ ‹‹አክሮስ›› ይላሉ። ከማዶ ካለው የመጋላ ሰፈር ገብተው ወደ ቀፊራ ገበያ ከደረሱ፣ ከቅስቶቹ ሥር ካለፉና ሰው፣ ቅርጫትና ጆንያ ዙሪያዎን ከከበበዎ መስተዋድዱ ‹‹ስሩ›› ይሆናል፤ ‹‹ስትሮል ስሩ ዘ ማርኬት›› ማለት በገበያው መካከል እያዩ ማለፍ ነው። ይሁንና በዚያ ግፊያ ውስጥ በእውነት ‹‹ስትሮል›› ማድረግ ይቻላል ወይ ቢሉኝ፣ ጠዋት ገበያው ሳይሞላ ወይም ማታ ሻጮች ሲጠቀልሉ እንጂ እኩለ ቀን ላይ አይቻልም እላለሁ። መድረሻ ሳይኖር በአንድ አካባቢ ለመዞር ‹‹አራውንድ›› አለ። መድረሻ ካለም አይከለከልም፤ ‹‹ስትሮልድ ቱ ዘ ሾፕ›› ሲባል ሰውየው ሱቅ ሊሄድ ነው፣ ነገር ግን ሱቁ አያመልጠውም።

ለተርጓሚው ዋናው ፈተና የአማርኛውን አቻ መምረጥ ነው፤ እኛ በዚህ ጉዳይ ድሆች አይደለንም፣ እንዲያውም ሀብታችን በዝቶ ያምታታናል። ‹‹መንሸራሸር›› ለጽሑፍ የተመቸና ሰፊ ቃል ነው፤ ጉድለቱ በመኪናም በጀልባም መንሸራሸር ስለሚቻል፣ እግር መሆኑ ከዓረፍተ ነገሩ ካልታወቀ ‹‹በእግር›› የሚል መጨመር ይኖርበታል። ‹‹ሽርሽር›› ምግብ ተይዞ ራቅ ወዳለ ቦታ የሚኬድበትንም ጉዞ ስለሚጨምር፣ ከእራት በኋላ ለሚደረግ የ10 ደቂቃ ‹‹ስትሮል›› ይተልቅበታል። በንግግር ላይ ግን ‹‹ዞር ዞር ማለት››፣ ‹‹ወጣ ማለት››፣ ‹‹ነፋስ መቀበል›› እና ‹‹እግር ማፍታታት›› ከሁሉ ይበልጥ ቃሉን ይመስላሉ። የድሬ ልጅ ጓደኛውን ‹‹አቦ ና እስቲ፣ ዞር ዞር እንበል›› ሲለው ሙሉው ‹‹ስትሮል›› በዚያ ውስጥ አለ፤ ለታላቅ ደግሞ ‹‹ጋሼ፣ ወጣ ብለን ነፋስ እንቀበል?›› ይባላል። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ ስለማይለይ፣ ክብሩን በአጠያየቅ ያመጣል፤ ለጓደኛ ‹‹ሌትስ ጎ ፎር ኤ ስትሮል›› የሚበቃ ሲሆን፣ ለታላቅ ‹‹ዉድ ዩ ላይክ ቱ ጎ ፎር ኤ ስትሮል›› ማለት ይሻላል። ይህን ለእንግዳ አስጎብኚዎች አጥብቄ እመክራለሁ።

መራቅ የሚገባቸውም አሉ። ‹‹ማውደልደል›› ሥራ ፈትነትን ይወቅሳል፣ ‹‹መንከራተት›› መከራ አለበት፣ ‹‹መንጎራደድ›› ደግሞ በሐሳብ ተይዞ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው፤ የሐኪም ውጤት የሚጠብቅ ሰው በኮሪደር ላይ ይንጎራደዳል። ‹‹ሽር ብትን›› ለብሶ አምሮ ለመታየት ነው፤ ወደ ‹‹ስትሮል›› ይጠጋል፣ ነገር ግን የሚያይ ሰው ይፈልጋል፣ ‹‹ስትሮል›› ግን ተመልካች አይጠይቅም።

የሚያስገርመው ‹‹ስትሮል›› ራሱ ድሮ ከ‹‹ማውደልደል›› ብዙም አይርቅም ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን ከጀርመንኛ እንደመጣ ይገመታል፤ ያኔ የሚናገረው ቤት አልባ ሆኖ ከአገር አገር ስለሚዞር ሰው ነበር። ከመንደር መንደር እየዞሩ ቲያትር የሚያሳዩ ተዋንያን ‹‹ስትሮሊንግ ፕሌየርስ›› መባላቸው የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። በዚያው መቶ ዘመን ውስጥ ቃሉ ቀስ በቀስ ወቀሳውን ጥሎ ዛሬ የምናውቀውን ደግ ትርጉም ያዘ።

ጎረቤቶቹን በአጭሩ እንለይ። ‹‹ዋንደር›› ያለ አቅጣጫ መዞር ነው፤ መጥፋትም ሊኖርበት ይችላል፣ ለሐሳብ መባከንም ይውላል፤ ‹‹ስትሮል›› ለሐሳብ አይባልም። ‹‹ሶንተር›› ጥቂት ኩራት አለበት፤ የእኛ ‹‹መጎማለል›› ይቀርበዋል። ‹‹ራምብል›› በእንግሊዞች ዘንድ በገጠር የሚደረግ ረዥም የእግር ጉዞ ነው፤ ወሬ ለሚያንዛዛ ሰውም ይነገራል። ለ‹‹አምብል›› ግን ልዩ ፍቅር አለኝ። ይህ ቃል ሰው ላይ ከመዋሉ አስቀድሞ የፈረስ ቃል ነበር፤ ጋላቢውን ሳያንገጫግጭ፣ በአንድ ወገን ያሉትን የፊትና የኋላ እግሮች አከታትሎ እያነሣ የሚሄድ እንስሳ አካሄድ ነው። አባቶቻችን ‹‹ሰጋር በቅሎ›› ብለው የተመኙትና በወርቅ የገዙት አካሄድ ይኸው ነው። ስለዚህ ‹‹አምብል›› የሚያደርግ ሰው በደንቡ እንደ ሰጋር በቅሎ ሳይንገጫገጭ የሚሄድ ነው ብለው ቢይዙት አይስቱም።

ከዚህ በኋላ ቃሉ የሚናከስባቸው ቦታዎች አሉ። ‹‹ሂ ስትሮልድ ኢን አት ቴን›› የሚል ዓረፍተ ነገር ስለ ሽርሽር የሚናገር ከመሰለዎ ተታለዋል። ሥራ የሚገባው በ2 ሰዓት ሆኖ ሳለ ሰውየው በ4 ሰዓት ምንም እንዳልተፈጠረ ዘና ብሎ ገባ ማለት ነው፤ አለቃ ሲናገረው ተግሣጽ ነው። አማርኛው ‹‹ሲሻው መጣ›› ወይም ‹‹በዓራት ሰዓት ተዝናንቶ ገባ›› ቢባል ስሜቱን ያደርሳል። በስፖርት ዜና ደግሞ አንድ ቡድን ‹‹ስትሮልድ ቱ ቪክትሪ›› ከተባለ ሳይለፋ አሸነፈ ማለት ነው፤ ተጫዋቾቹ ሮጠዋል፣ ግን አልተጨነቁም። ‹‹ስትሮለር›› የሚለው ቃል በአሜሪካኖች ዘንድ በአመዛኙ የሚሄደውን ሰው ሳይሆን ሕፃን ተቀምጦበት የሚገፋውን ጋሪ ይመለከታል፤ እንግሊዞች ለዚያ ‹‹ፑሽቼር›› ይላሉ። የአየር ማረፊያ ማስታወቂያ ሲያነቡ ይህን ያስታውሱ።

ልምምዱን ሐረር ላይ ቢጨርሱት መልካም ነው። ከድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ በመሆኑ ቀትር ላይም መንሸራሸር ይቻላል። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥተው ‹‹መኪና ግርግር›› በተባለው መንገድ በኩል ወደ ግድር መጋላ ገበያ ይውረዱ። የመንገዱ ስም የወጣው መንገድ ዳር ተደርድረው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው፤ እዚህ ‹‹ስትሮል ዳውን›› ቢሉ መንገዱ በእርግጥ ቁልቁል ስለሆነ ቃሉና እግርዎ ይገናኛሉ። በግንብ ወደ ታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጁገል ጠባብ መንገዶች ሲገቡ ግን ቃሉን ይመርምሩ። መንገዱን የሚያውቁት ከሆነ ‹‹ስትሮል ስሩ ጁገል›› ይበሉ፤ በሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የት እንዳሉ ከጠፋዎት ‹‹ዋንደር›› ላይ ነዎት፣ ሕፃናት መጥተው በር እስኪያሳዩዎት ድረስ።

ለመለማመጃ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ልስጥ። አንድ ጎብኚ ማታ በግንቡ አጠገብ ያየውን ሲጽፍ ‹‹ዘ ሃይና ስትሮልድ ፓስት አስ›› ብሏል እንበል። ‹‹ጅቡ በአጠገባችን ተንሸራሸረ›› ካሉ ጅቡ ለመዝናናት የወጣ ያስመስሉታል፤ ‹‹ቀስ ብሎ አለፈ›› ካሉ ደግሞ የታመመ ወይም የሚያደባ ይመስላል። ጸሐፊው ሊያሳየን የፈለገው አለመፍራቱንና አለመቸኮሉን ነውና፣ እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ ‹‹ጅቡ ከቁም ነገር ሳይቆጥረን፣ ዘና ብሎ በአጠገባችን አለፈ።››